አቅኚው አባትና ስሟ ያልተጠራው እናት

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ስለ ነገሥታቱና ስለ ዋግሹሞቹ ትውልድ ብዙ ተነግሯል። የዋግ ሹማምንት ዘራቸውን እስከ ዛጔ ነገሥታት ድረስ ይቆጥራሉ፤ ዋግሹም ጎበዜም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. እንደ ነገሡ በታሪክ ትምህርታችሁ አንብባችኋል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ዙፋን ስላልነበራቸው ሰዎች ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዋግ ደጋ ካሉት ተረተሮች በአንዱ ላይ ወጥተው፣ ቁጥቋጦውን መንጥረው፣ ድንጋዩን ለቅመው፣ ጎጆ ቀልሰው፣ የመጀመሪያውን ገብስ ዘሩ። ዛሬ በዚያ ተረተር ላይ የብዙ ቤት ጭስ ይታያል። እዚህ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች መካከል የእነዚያ ባልና ሚስት ልጆች የሆናችሁ ትኖራላችሁ፤ ነገር ግን እነማን እንደ ነበሩ፣ ከየት እንደ መጡ፣ ከእነርሱ እስከ እናንተ ስንት ትውልድ እንደ ሆነ የሚነግራችሁ ሰው እያደር እየጠፋ ነው። ይህ ነገር እንዴት እንደሚመረመር ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ።

በሌላው ዓለም ይህ ዓይነቱ ሥራ በወረቀት ይጀመራል። በአሜሪካ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1862 በወጣው ሕግ መሠረት፣ መሬት ለማቅናት የሚፈልግ ሰው 160 ኤከር ይሰጠው ነበር። ይህም 65 ሔክታር ያህል፣ በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ነው። ሰውየው 5 ዓመት ተቀምጦ፣ ቤት ሠርቶ፣ እርሻ አርሶ በምስክር ሲያረጋግጥ የባለቤትነት ወረቀት ይቀበላል። ማመልከቻውና የምስክሮቹ ቃል በመንግሥቱ ቤተ መዛግብት ስለ ተቀመጠ፣ የልጅ ልጁ ዛሬ ሄዶ መዝገቡን ቢያስከፍት አያቱ ምን ዓይነት ቤት እንደ ሠሩና ስንት ኤከር እንዳረሱ ያነባል። መቼም ያ መሬት ባዶ አልነበረም፤ የቀደሙት ሕዝቦች ተገፍተው የለቀቁት ነው። ይህን ነገር በልባችሁ አኑሩልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለዋግ ገበሬ እንዲህ ያለ መዝገብ የጻፈለት የለም። መዝገቡ የሽማግሌ አፍ ነበር። ነገር ግን ይህ የአፍ መዝገብ ምሽት ላይ ለጨዋታ የሚነገር ተረት እንዳይመስላችሁ፤ ሰው እንጀራውን የሚያገኝበት ወይም የሚያጣበት ማስረጃ ነበር።

ርስት ማለት በገንዘብ የሚገዛ መሬት አልነበረም። መሬቱን አስቀድሞ ያቀናው ሰው ዋና አባት ወይም አቅኚ አባት ይባላል፤ ርስቱም ከእርሱ የተወለዱት ሁሉ የሚካፈሉት ነው። ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ከራሱ ጀምሮ «እኔ የእገሌ ልጅ፣ እርሱ የእገሊት ልጅ» እያለ እስከ አቅኚው ድረስ መቁጠር ነበረበት። አንድ ስም ቢዘል ባላጋራው ያስቆመዋል፤ ሽማግሎች ይጠየቃሉ፤ ቆጠራው ከቀና ድርሻውን ያገኛል። «በሺሕ ዓመቱ ርስት ለባለቤቱ» የተባለውም ስለዚህ ነው። አገር ለቆ የሄደ ሰው ልጅ እንኳ ተመልሶ በትክክል ከቆጠረ ሊገባ ይችል ነበርና።

ሁለተኛው የቆጠራ ምክንያት ጋብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። ስለዚህ ልጅ ከመዳሩ በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ተቀምጠው አባትን፣ አያትን፣ ቅድመ አያትን፣ ምንጅላትን እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ሰው ለመሬት ሲቆጥር ዘመድ ሆኖ መገኘት ይጠቅመዋል፤ ለጋብቻ ሲቆጥር ግን ዘመድ ሆኖ መገኘት የታሰበውን ሠርግ ያፈርስበታል። አንደኛው ዝምድናን ለማስረዘም፣ ሁለተኛው ለማሳጠር ያጓጓል። እንግዲህ አንድ ስም በመሬት ክርክር ወሬም በጋብቻ ቆጠራም በአንድ ቦታ ላይ ከተገኘ፣ ያን ስም በደብተራችሁ በደማቁ ጻፉት። ከአንዱ ወገን ብቻ የተገኘውን ደግሞ ምልክት አድርጉበት። እኔ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም።

አሁን ወደ ሚስቲቱ ልምጣ፤ የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገር እርስዋ ናትና።

ርስት በወንድም በሴትም ይወርድ ነበር። ባልና ሚስት በተጋቡ ጊዜ ባል የወገኖቹን፣ ሚስትም የወገኖቿን ርስት እንደ ያዙ ይኖራሉ፤ የሚስት ርስት የባል አይሆንም፤ ልጆቻቸው ግን ከሁለቱም ይወርሳሉ። ስለዚህ የአንድን አቅኚ ባልና ሚስት ታሪክ የሚመረምር ተማሪ አንድ ዛፍ ሳይሆን ሁለት ዛፍ መትከል አለበት። ባልየው በሚስቱ ወገን ርስት ላይ መጥቶ ገብቶ ይሆናል፤ ተረተሩም በስሙ ይጠራ እንጂ ሥሩ የእርስዋ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በቆጠራው ጫፍ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ወንድ ነው። አቅኚ አባት ሲባል ሁሉም ያውቀዋል፤ አቅኚ እናት ሲባል ግን እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። ባልየው በሬ ጠምዶ ሲገምስ፣ ውኃውን ከወንዝ ቀድታ ያን አቀበት የወጣችው ማን ናት? ከመጀመሪያው መከር ለዘር የተቀመጠውን ገብስ በጎታ ከትታ፣ ክረምቱ ሲጠና ልጆቹ እያለቀሱ እንኳ ሳትነካው ያቈየችው ማን ናት? ያ ዘር በዚያ ክረምት ተፈጭቶ ቢሆን ኖሮ የምንቆጥረው ትውልድ ባልኖረ ነበር።

እርስዋን ለማግኘት ሴቶችን ጠይቁ። ወንዶች ሽማግሎች ይበልጡን የሚያውቁት መሬት የተካፈለበትን ስም ነው። አሮጊቶች ግን ማን ከየትኛው አገር እንደ ተዳረች፣ ማን በወሊድ እንደ ሞተች፣ የማን ልጅ በእንጀራ እናት እንዳደገ ያውቃሉ። ይህን የሚነግሯችሁም በጉባኤ ፊት ሳይሆን ቡና እየተፈላ ነውና፣ ጀበናው እስኪወርድ ታግሣችሁ ተቀመጡ።

ደግሞም በስም አትታለሉ። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ሚስቲቱን ባገኛችኋት ጊዜ አባቷንም አብራችሁ ታገኛላችሁና። ነገር ግን አንዲት ሴት ሦስት ስም ሊኖራት ይችላል። እናቷ ያወጣችላት የዓለም ስም አለ፤ በጥምቀት የተሰጣት የክርስትና ስም አለ፤ ባሏ ሞቶባት ከመነኰሰች ደግሞ እማሆይ ተብላ የምንኵስና ስም ትቀበላለች። ልጆቿ በአንዱ፣ ካህኑ በሁለተኛው፣ የልጅ ልጆቿ በሦስተኛው ያነሧታል። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ከአንዲት አያት ሦስት አያት ያወጣል። በወንዶቹም በኩል ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው ንጉሥ በአገራቸው ጎበዜ፣ በዙፋናቸው ተክለ ጊዮርጊስ መሆናቸውን አስቡ።

የዓመታቱ ስሌትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ነው ብንል፣ 7 ትውልድ ከ175 እስከ 210 ዓመት ይሆናል። በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ተማሪ 7 ትውልድ ወደ ኋላ ቢሄድ ከ1790 እስከ 1825 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ላይ ይደርሳል፤ ይህም ዘመነ መሳፍንት ነው። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ «ሰባተኛው አባታችን ይህን ተራራ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን አቀና» ቢሏችሁ፣ በመካከል 600 ዓመት ያህል ጎድሏል ማለት ነው። ሽማግሌው ዋሽተዋል ማለት ግን አይደለም። ቆጠራው መሬት ያልተካፈለበትን ስም አይሸከምም፤ ልጅ ሳይወልድ የሞተ ይወድቃል፤ አገር ጥሎ ሄዶ የቀረ ይወድቃል። ስለዚህ የርስት ዛፍ የኖሩት ሰዎች ሁሉ ዛፍ ሳይሆን ድርሻቸው የቀናላቸው ሰዎች ዛፍ ነው። ብዙ ጊዜ ርስት የተከለከሉት የብረትና የሸክላ ሠራተኞች፣ በባርነት የተያዙ ሰዎችም ትውልድ በዚህ ቆጠራ አልገባም። ቅድመ አያቱ ከእነዚህ ወገን የሆነ ተማሪ ትውልድ የለህም እንዳይባል አደራ እላለሁ፤ ትውልድ አለው፤ የቆጠረለት ሰው ነው የጠፋው።

ሽማግሌን «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። «ከክፉ ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፉ ቀን የምንለው ከብቱ በበሽታ ያለቀበት፣ ሰውም በረሃብ የረገፈበት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የ1888ቱ የዐድዋ ዘመቻ አለ። ከዚያም ጣሊያን የገባበት 1928 ዓ.ም. አለ፤ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በጣሊያን ላይ ተነሥተው በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ የተገደሉበትን ጊዜ የዋግ ሰው አይረሳውም። የ1958፣ የ1965 እና የ1977 ረሃቦችም እንደ ድንበር ድንጋይ ያገለግላሉ። በነዚህ መካከል የልደትን፣ የጋብቻን፣ የሞትን ነገር እየከተታችሁ ስትሄዱ ዓመቱ ራሱ ይወጣል። ስለ ክፉ ቀን አንድ ነገር ልጨምር። በዚያን ጊዜ በሬ አልቆ፣ ሰው ተሰድዶ፣ ማሳው ዳዋ ለብሶ ነበር። ስለዚህ በአንዳንድ ቦታ አቅኚ የምንለው ሰው የመጀመሪያው ሳይሆን ከክፉ ቀን በኋላ ዳዋውን መልሶ የመነጠረው ሊሆን ይችላል። ከእርሱ በፊት የነበረው ቤት ፍርስራሽ በማሳው ጥግ ካለ ሄዳችሁ እዩት።

የቦታ ስምም ምስክር ነው። በዋግ ኽምጣኛ ከአማርኛ ጋር አብሮ የኖረ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ በአማርኛ ትርጕም የማይሰጥ የወንዝ ወይም የማሳ ስም በኽምጣኛ ተናጋሪ ፊት ሲጠራ ግልጽ ሊሆን ይችላል። የኽምጣኛ ተናጋሪ ዘመድ ያላችሁ ተማሪዎች በዚህ ነገር ከሌሎቻችሁ ትቀድማላችሁ፤ ለጓደኞቻችሁም አግዙ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ። ርስት አልባ ለነበረው ሰው ታላቅ ፍትሕ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬት ለማግኘት አባት መቁጠር ቀረ። መሬት በገበሬ ማኅበር ሲደለደል የሚቆጠረው በቤቱ ያለው አፍ እንጂ የሞተ አያት አልነበረም። ቆጠራን ያቆመው ምሰሶ ሲወድቅ ቆጠራውም ዘመመ፤ የጋብቻው ምሰሶ ብቻ ቀረለት። ልጆቹም ከተማ ሲገቡና ከሩቅ አገር ሰው ሲጋቡ ያም እየላላ ሄደ።

ከዚያ በኋላ 1977 መጣ። እዚህ ላይ ጥቂት እቈያለሁ።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ወደ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ከሰሜንና ከመካከል አገር አንሥቶ ወደ ምዕራብ አሰፈረ። ከዋግ የተነሡም ነበሩ። ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ጋምቤላ ተወሰዱ። ከገዛ ፈቃዳቸው የሄዱ አሉ፤ ያለ ፈቃዳቸው የተጫኑም አሉ፤ በጉዞው ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ የተለያዩም አሉ። የደጋ ገብስ ያበቅሉ የነበሩ ሰዎች ወባ ባለበት ቆላ ገብተው ደን መነጠሩ። በወባ የሞቱ ብዙ ናቸው፤ ጠፍተው በእግራቸው ወደ አገራቸው የተመለሱም ብዙ ናቸው፤ የቀሩት ግን ቤት ሠርተው ልጅ ወልደው ኖሩ። እንግዲህ አቅኚ ማለት እነርሱም አይደሉምን? የሩቁን አቅኚ በሰባት ሰው አፍ እንጠይቃለን፤ እነዚህን ግን በራሳቸው አፍ ልንጠይቃቸው እንችላለን። በ1977 ሃያ ዓመት የሞላት ሙሽራ ዛሬ ከስድሳ አልፋለች።

ወረቀት ለመፈለግ የምትሹ፣ ዋግ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ እንደ ነበረ አትርሱ። «ዋግ ኽምራ» ብላችሁ በዚያ ዘመን ጽሑፍ ብትፈልጉ አታገኙም፤ «ወሎ» በሚለው ሥር ፈልጉ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ጽሑፍ ካገኛችሁም ዓመተ ምሕረቱ ከእኛው በ7 ወይም በ8 እንደሚበልጥ አስቡ።

አስቀድሜ በልባችሁ አኑሩ ያልኋችሁ ነገር ይህ ነው። በመተከል የጉሙዝ ሕዝብ መሬቱን እያፈራረቀ ያርስ ነበር፤ ጥቂት ዓመት አርሶ ያሳርፈዋል። በእንግዳ ዐይን ዳዋ የመሰለው ያረፈ ማሳ ነበር። ስለዚህ የሰፈሩትን ዘመዶቻችሁን ስትጠይቁ «እዚያ ስትደርሱ ማን ነበር?» የሚለውን ጥያቄ አትዝለሉ። በራሳችን ተረተር ላይም ያንኑ ጠይቁ፤ የቀናው አገር ሁሉ ከመቅናቱ በፊት ታሪክ የሌለው አይደለም።

ባልና ሚስት በሕይወት ካሉ ለየብቻቸው አነጋግሯቸው፤ አብረው ሲቀመጡ ባል ይናገራል፣ ሚስት ታርማለች፣ በመጨረሻም ሁለቱም ዝም ይላሉ። «ከቤት ስትወጡ ምን ይዛችሁ ወጣችሁ?» ብላችሁ ጀምሩ። ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዷ የዘር እህል ትላለች፣ አንዱ መጥረቢያ ይላል፣ አንዷ የሞተ ልጅ ክታብ ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ነገር ይከተላል። የሚያስለቅስ ነገር ከተነሣ ብዕራችሁን አስቀምጡ፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ቢነግሯችሁ አታስታርቋቸው፤ ሁለቱንም ጻፉና የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ከጐኑ አኑሩ።

አንዳንድ ወላጅ «ይህ ነገር የመሬት ክርክር እንዳይቀሰቅስ» ብሎ ሊሰጋ ይችላል፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። የተማሪ ደብተር የዳኝነት ማስረጃ አይደለም፤ ዛሬ መሬት የሚያዘው በይዞታ ደብተር ነው። ያን ደብተር በየቤታችሁ ክፈቱት። በ1990ዎቹ በክልላችን መሰጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ስም በአንድ ላይ ተጻፈበት፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት ስፍራ ተዘጋጀለት። ለአቅኚው አባት ሚስት ያልተደረገው ነገር ለእናታችሁ ተደርጓል ማለት ነው። ከእናታችሁ ስም ጀምሩ፤ የእናታችሁን እናት፣ የእርስዋንም እናት እያላችሁ በሴት በሴት ብቻ እስክትደክሙ ድረስ ውጡ። አብዛኛዎቻችሁ በአባት በኩል ከምትደርሱበት ግማሽ እንኳ ሳትደርሱ ትቆማላችሁ ብዬ እገምታለሁ። የቆማችሁበትን ቦታ አስምሩበት፤ በዕረፍት ጊዜ የምትጠይቋቸው ሰዎች ዝርዝር ከዚያ ይወጣልና።

የጻፋችሁትን በሁለት ገልብጡ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ስንት ሰው ከቤቱ እንደ ተፈናቀለ ታውቃላችሁ። በሽሽት ጊዜ ሰው ልጁን እንጂ ደብተሩን አያነሣም። አንዱ ቅጂ በቤታችሁ ይቀመጥ፤ ሁለተኛውን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። በሩቅ አገር የሰፈረ ዘመድ ካላችሁ ሦስተኛ ቅጂ ለእርሱ ላኩለት፤ የጐደለውን ስም የሚያውቀው እርሱ ሊሆን ይችላል።